ስቱል አምጣ ሲሉኝ

ልጆቼ፣ 34 ዓመት በነርስነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አስተማሪ አይደለሁም። ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ብትጠይቁኝ ከእናንተ አልሻልም። ግን ዕድሜዬን ሙሉ በእንግሊዝኛ በተጻፈ ካርድ ስሠራ ስለኖርኩ፣ ቃል ሰውን እንዴት ጉድ እንደሚሠራ አይቻለሁ። መጀመሪያ የሠራው እኔን ነው።

ተማሪ ሆኜ ልምምድ ላይ ሳለሁ አንድ የውጭ አገር ሐኪም ዋርድ እየዞረ «የዚህን ታማሚ ስቱል ላቦራቶሪ አድርስ» አለኝ። ስቱል ትምህርት ቤት የተማርኩት ቃል ነው። መደገፊያ የሌላት ወንበር፣ እኛ ዱካ የምንላት። አልጋው አጠገብ አንዷ ነበረች። ላቦራቶሪ ውስጥ ዱካ ምን እንደሚያደርግ ባይገባኝም፣ ሐኪም አይጠየቅም ብዬ ተሸክሜያት ሄድኩ። የላቦራቶሪው ሰውዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ዱካዋን አየና «ሰገራ አምጣ ነው እኮ የተባልከው!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። እስክመረቅ ድረስ ጓደኞቼ የሚጠሩኝ «ዱካ» ብለው ነበር።

በኋላ ሳጣራ ነገሩ ወግ አለው። ስቱል መጀመሪያ መቀመጫ ነበር፣ ቀጥሎ ተቀምጠው የሚጸዳዱበት ሆነ፣ መጨረሻ ላይ ስሙ ለሚወጣው ነገር ተረፈ። አይግረማችሁ፣ እኛም «መቀመጫ» ስንል ወንበሩንም ነው፣ መርፌ የሚወጋበትንም። የትኛው እንደሆነ ማንም አስረድቷችሁ አያውቅም፣ ግን ተሳስታችሁ አታውቁም፤ አጠገቡ ያሉት ቃላት ይነግሯችኋል።

ስለዚህ የማታውቁት ቃል ብዙም አያስፈራኝም። የማታውቁትን ትጠይቃላችሁ፣ ወይ ስልካችሁን ታወጣላችሁ። እኔን የሚያስፈራኝ «ይሄንንማ አውቀዋለሁ» ብላችሁ የምታልፉት ነው። ፖዘቲቭ ጥሩ ነገር ነው ተብለን አድገናል፤ ምርመራ ላይ ግን የተፈለገው በሽታ ተገኘ ማለት ነው። ካርዳቸው ላይ «አኪውት» የሚል አይተው ሞት የተፈረደባቸው ያህል የደነገጡ ሰዎች አጋጥመውኛል። በሕክምና አኪውት ድንገት የጀመረ፣ ገና ብዙ ያልቆየ ለማለት ነው፣ ተራ ጉንፋንም አኪውት ነው። «ዲስቻርጅ» ደግሞ ታማሚው ወደ ቤቱ ይሂድ ማለትም ነው፣ ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽም ነው፣ ሁለቱም አንድ ካርድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ።

ከእንግሊዝኛ የተዋስናቸው ቃላት ሌላ ጣጣ አላቸው። እነሱ እኛ ቤት ገብተው አማርኛ ሆነዋል። አዲስ አበባ ላይ ሰርቪስ የመሥሪያ ቤቱ አውቶቡስ ነው፣ ወይም ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችው ክፍል። «ሙድ ያዘብኝ» ስትሉ አላገጠብኝ ማለታችሁ ነው፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ዘንድ ግን ሙድ የመንፈስ ሁኔታ እንጂ ማላገጥ አይደለም። ሱቅ ሄዳችሁ «ከኮልጌት ምን ምን አለህ?» ብትሉ ባለሱቁ አምስት ዓይነት የጥርስ ሳሙና ይደረድርላችኋል፣ አራቱ ኮልጌት አይደሉም። በአማርኛችን ይህ ሁሉ ልክ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገሩ ብቻ እንደገና አጣሩ።

እኔም እስከ ዛሬ የሚያመልጠኝ አለ። ከጓደኛዬ ጋር ስንጫወት አመሸን እንላለን። ይህን «ፕሌይ» ብላችሁ ብታወሩት ፈረንጁ የሚያስበው ኳስ ነው፣ ካርታ ነው፣ ወይም ሁለት ሕፃናት። ወሬ ስታወሩ እንዳመሻችሁ አይገባውም። ሬዲዮ እንከፍታለን፣ ቴሌቪዥን እንዘጋለን፤ እነሱ ግን ይህን ሁሉ «ተርን ኦን»፣ «ተርን ኦፍ» ነው የሚሉት። ከዚያችው ተርን ላይ «አፕ» ስትጨመር ድምፁን ጨምር ይሆናል፣ ሰው ብቅ አለም ይሆናል። «ዳውን» ስትጨመር ደግሞ ድምፁን ቀንስ፣ ወይም ግብዣውን እምቢ አለ። ጣጣው ያለው እነዚህ ደቃቃ ቃላት ላይ ነው፣ እኛ ግን ንቀናቸው ረጃጅሞቹን እናሳድዳለን።

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ስለሚማሩ ልጆቻችን ፎቶሲንተሲስን ያውቃሉ፣ ሚቶኮንድሪያን ይሥላሉ። ወንፊት በእንግሊዝኛ ምን ይባላል ብትሏቸው ግን ጸጥ ነው። የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ሄዳ ምግብ ቤት ስትቀጠር መጀመሪያ ያስለቀሳት ይህ ነው። እዚህ ከክፍሏ አንደኛ የነበረች ልጅ እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ የዕቃ ስም አታውቅም። በ1953 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ማይክል ዌስት የሚባል የእንግሊዝኛ መምህር ወደ 2,000 የሚሆኑ ዋና ዋና ቃላትን ለቅሞ አሳትሞ ነበር፤ ተራ ጽሑፍ ስታነቡ ከ10 ቃል ስምንቱ ገደማ ከዚያ ዝርዝር ነው። ሰፊውን ጊዜያችሁን ለእነዚህ ስጡ። «በ30 ቀን እንግሊዝኛ» የሚሏችሁን ደግሞ እለፏቸው፣ ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

ደብተር ያዙ። ስልክም ይሆናል፣ እኔ ደብተር እወዳለሁ። ግን «ቴክ፦ መውሰድ» ብላችሁ አትጻፉ። እንዲህ ከጻፋችሁ አንዱ «ቴክ አ ሲት» ሲላችሁ ወንበሩን ይዛችሁ ልትሄዱ ነው፣ እንደ እኔ! ቁጭ በል ማለቱ ነው። «ቴክ ዩር ታይም» ቢላችሁም ሰዓት ስጡኝ አላላችሁም፣ አትቸኩሉ ነው ያላችሁ። የሰማችሁትን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ጻፉት፣ ማን ለማን እንዳለውም ጨምሩበት። በቀን አምስት ይበቃል። ነገ እዩት፣ ከሦስት ቀን በኋላ እዩት፣ በሳምንቱ እዩት፣ ጮክ ብላችሁም አንብቡት። ቤተሰብ ይስቃል፣ ይሳቅ።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ስትደውል ጭልፋ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ጠየቅኳት። 34 ዓመት በእንግሊዝኛ ካርድ ሞልቼ ጭልፋን አላውቀውም ነበር። «ላድል» አለችኝ። «እስቲ በዓረፍተ ነገር» አልኳት፣ ሳቀች፣ ነገረችኝ፣ ጻፍኩት።