የልደት ቀኑን የማናውቀው ውሻ ሲሞት፦ ጥያቄና መልስ

ላለፉት 16 ዓመታት ሌላ ሰው የማይመርጣቸውን ያረጁ ውሾች ከመጠለያ እየወሰድሁ ሳኖር ቆይቻለሁ፤ ከእነርሱም ሰባቱን ቀብሬአለሁ። የማደጎ ውሻቸው የሞተባቸው ሰዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የእንስሳት ሐኪም ስላልሆንሁ ስለ ሕክምና የምጽፈው በተደጋጋሚ ያየሁትንና ከሐኪሞች የተማርሁትን ብቻ ነው።

«መጠለያው ዕድሜውን አልነገረንም። በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ስንት ዓመት ኖረ ብለን እንጻፍ?»

የቡችላ ዕድሜ ከጥርሱ ይታወቃል፤ ቋሚ ጥርሶቹ በሰባተኛው ወር ገደማ በቅለው ያበቃሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሐኪሙ የሚመለከተው የጥርሱን መበላት፣ የዓይኑን መደብዘዝና የአፉን ዙሪያ ሽበት ስለሆነ፣ እነዚህም እንደ ውሻው አኗኗር ስለሚለያዩ፣ ከመጠለያ ወረቀት ላይ «አምስት ዓመት ገደማ» የሚል ቢያገኙ እንኳ ግምት መሆኑን ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ኅዋ የተላከችው ላይካ ከሞስኮ ጎዳና የተወሰደች ውሻ ስለነበረች፣ ዓለም ሁሉ ስሟን ቢያውቅም የተወለደችበትን ቀን የሚያውቅ ሰው የለም። እኔ በድንጋዩ ላይ የምጽፈው ወደ ቤቴ የመጣበትንና የሞተበትን ቀን ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎቻችን ባዶ ለሆነው የመጀመሪያ ዘመኑ ታሪክ እንፈጥርለታለን፤ «ጨካኝ ሰው ይደበድበው ነበር» እንላለን። እኔ ይህን አልወደውም። ሦስተኛው ውሻዬ መጥረጊያ ባነሣሁ ቁጥር ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ማን እንደመታው፣ ጭራሽ ተመትቶ እንደሆነም አላየሁም። ስለ እርሱ በያዝሁት ደብተር ላይ ያለው ያየሁት ብቻ ነው፦ በሁለተኛው ዓመት ሲጠረግ ከጠረጴዛው ሥር አፍንጫውን ብቻ አውጥቶ ይመለከት ጀመር፤ በአራተኛው ዓመት አንድ ከሰዓት በኋላ ግድግዳ ተደግፎ የነበረው መጥረጊያ ወድቆ፣ እርሱ አገጩን እጀታው ላይ አሳርፎ ሲያንኮራፋ አገኘሁት። ውሻዎ በሞተ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ትዝታው ትኩስ ሳለ፣ እንዲህ ያሉትን ነገሮች ይጻፉ፤ ፎቶግራፍ አንኮራፍቶ አያሰማምና።

«አብራን የኖረችው 14 ወር ብቻ ነው። ሰዎች ‹ውሻ እኮ ናት› ይሉኛል። ማዘኔ በዝቶ ይሆን?»

አልበዛም። ጀርመን ውስጥ በቦን ከተማ፣ ኦበርካስል በተባለው ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1914 በተገኘ 14,000 ዓመት ገደማ በሆነው መቃብር ውስጥ፣ ከአንድ ወንድና ከአንዲት ሴት ጋር ሰባት ወር ያህል የሆነው ውሻ ተቀብሮ ነበር። በኋላ ጥርሶቹን የመረመሩ ተመራማሪዎች ዲስተምፐር በተባለው በሽታ ክፉኛ ታምሞ እንደነበር የሚጠቁም ምልክት አግኝተው፣ ሰው ባያስታምመው ኖሮ ያን ያህል ባልቆየም ነበር ብለዋል። ለአደንም ለጥበቃም የማይሆን የታመመ ቡችላ ነበር ማለት ነው። እርስዎ ከዚያ ሰው የተለየ ነገር አላደረጉም።

«በመርፌ እንዲሞት የወሰንሁት እኔ ነኝ። ዓይኑ ሳይከደን ቀረ፤ ከሞተ በኋላም አንዴ ተነፈሰ። ተሠቃይቶ ይሆን?»

በብዛት የሚሰጠው ፔንቶባርቢታል የተባለ ማደንዘዣ ሲሆን፣ መጠኑ ከፍ ተደርጎ በደም ሥር ሲገባ ውሻው በመጀመሪያ ራሱን ይስታል፤ ትንፋሹና ልቡ የሚቆሙት ከዚያ በኋላ ነው። ዓይን ሳይከደን መቅረቱ፣ የጡንቻ መንዘር፣ እንደ ትንፋሽ ያለ ድምፅም ቢሆን በደነዘዘ አካል ላይ የሚታዩ ነገሮች እንጂ የሥቃይ ምልክት አይደሉም። ይህን አስቀድሞ ሊነግርዎ የሚገባው መርፌውን የሰጠው ሐኪም ነበር፤ እኔም በመጀመሪያው ውሻዬ ጊዜ ሳይነገረኝ ቀርቶ ወራት ተጨንቄአለሁ። ቀኑ ቸኩሎ ነበር ወይስ ዘግይቶ ለሚለው ጥያቄ መልስ የለኝም፤ ከሰባቱ በአንዱ ላይ ዘግይቻለሁ ብዬ አምናለሁ።

«በግቢያችን ልንቀብረው እንችላለን? ወይስ ተቃጥሎ አመዱን ዛፍ ሥር እናድርገው?»

የአካባቢዎ ደንብ መፍቀዱን አስቀድመው ይጠይቁ። በመርፌ የሞተ ከሆነ መድኃኒቱ በአካሉ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ፣ ቆፍሮ የሚበላውን እንስሳ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ ከአንድ ሜትር ያላነሰ ይቆፍሩ፣ ከጉድጓድ ውኃና ከምንጭም ያርቁት። በላስቲክ ሳይሆን በጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉት። አመዱ ደግሞ ጨውና አልካላይን ስለሚበዛበት በቀጥታ ሥሩ ላይ ከተደፋ ተክሉን ይጎዳል፤ ጥቂቱን ብቻ ከብዙ አፈር ጋር ይቀላቅሉት። ከመቅበርዎ በፊት ከአንገቱ ሥር ጥቂት ፀጉር ይቁረጡ። እኔ ይህን የረሳሁባቸው ሁለት ውሾች አሉ።

«የቀረችው ውሻ በሩ ላይ ተኝታ ትጠብቀዋለች፤ አትበላም።»

ብዙ ውሾች ጓደኛቸው ሲጠፋ ምግብ ይቀንሳሉ፣ ከሰውም አይለዩም። የምግቧንና የመውጫዋን ሰዓት አይለውጡ፤ ምኝታውንም ወዲያው አጥበው አያንሡባት። አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልበላች ግን ሕመም እንዳይሆን ሐኪም ይያት።

«ለአራት ዓመቷ ልጄ ምን ልበላት?»

«ሞተ» ይበሏት። «ተኛ» ቢሏት መተኛት ልትፈራ ትችላለች፤ «ሄደ» ቢሏት መቼ ይመለሳል ትላለች። በዚህ ዕድሜ ሞት እንደማይመለስ ገና ስለማይገባት ደጋግማ ትጠይቃለች፤ እርስዎም ያንኑ መልስ ይደግሙላታል።

«ሌላ ውሻ ልናመጣ ነው። የሟቹን የአንገት ቀበቶ እናድርግለት?»

ማሰሪያ ገመዱን ያድርጉለት፤ ገመድ ገመድ ነው። ቀበቶውንና ስሙን ግን ለቀደመው ይተዉለት። የእኔዎቹ ሰባት ቀበቶዎች ከበሩ ኋላ በአንድ ሚስማር ላይ ተሰቅለዋል፤ በሩ በኃይል በተዘጋ ቁጥር ይንቃጨላሉ፣ ስምንተኛውም ውሻ ማን መጣ ብሎ ይነሣል።