የዱር እንስሳት ጥበቃ ለደረሳችሁም፣ ወዳችሁ ለመረጣችሁም

ልጆቼ፣ የዲፓርትመንት ምድብ በወጣ ቁጥር እዚህ ደሴ ወላጆች መንገድ ላይ ያስቆሙኛል። «የዱር እንስሳት ጥበቃ ደረሰው፤ አራት ዓመት ተምሮ አውሬ ሊጠብቅ ነው?» ይሉኛል። ልጁ ከጎናቸው አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ሜዲስን ወይም ኢንጂነሪንግ አስቦ የነበረ ልጅ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በመጀመሪያ ለእሱ ነው፤ ፊልዱን ወዳችሁ የገባችሁትም አንብቡት፣ ምክንያቱም እናንተም ብዙውን ጊዜ የምትገቡት በቴሌቪዥን ባያችሁት አንበሳና ዝሆን ተማርካችሁ ነው፣ ሥራው ደግሞ ሌላ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚህ ሙያ ስለሆነ የማውቀውን በግልጽ ልንገራችሁ።

ቀይ ቀበሮን እንውሰድ። ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም ላይ የትም የለም። ለመራባት የደረሱት ከ500 በታች ናቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ነው ያሉት፤ የቀሩት በአርሲ፣ በስሜን ተራሮች፣ በሰሜን ወሎ፣ በመንዝ ጓሳ፣ እንዲሁም እዚሁ ደቡብ ወሎ ውስጥ ቦረና ሳይንት ላይ ተበታትነዋል። አዎ፣ የእኛው ወሎ ውስጥ! የደሴ ልጅ ሳያውቀው ማደጉ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ይህን እንስሳ በጅምላ የሚጨርሰው ምን ይመስላችኋል? ጥይት አይደለም። የገበሬው ውሻ ይዞት የሚመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1996 ዓ.ም ገደማ ባሌ ዌብ ሸለቆ ውስጥ በገባው ወረርሽኝ ከአካባቢው ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ በጥቂት ወራት አለቁ። ስለዚህ ቀበሮውን ማዳን የሚፈልግ ሰው ዋና ሥራው ከቀበሮው ጋር አይደለም። ደጋ ላይ ቤት ለቤት እየዞረ ውሻ ማስከተብ ነው፣ ከገበሬው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ገበሬው ውሻ የሚያሳድገው ደግሞ በጉን ከጅብና ከሌባ ለመጠበቅ ነው፤ «ውሻህን አጥፋ» ብትሉት አይሰማችሁም፣ ባይሰማችሁም ልክ ነው። የእርሻ መሬቱም እያደር ወደ ጓሳው፣ ቀበሮው ወደሚኖርበት የደጋ ሣር፣ የሚገፋው ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የአባቱ መሬት ለልጆች ተከፋፍሎ ተከፋፍሎ ስላለቀ ነው። ይሄ ያልገባው ተመራቂ የእንስሳቱን ሳይንሳዊ ስም በሙሉ ቢሸመድድ ተራራው ላይ ምንም አይሠራም።

«ታዲያ ሶሾሎጂ አንማርም ነበር?» ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ከሰው ጋር የምትነጋገሩት ማስረጃ ይዛችሁ ስለሆነ ሳይንሱ የግድ ነው። አንድ ነገር ላሳያችሁ። ገበሬው «ቀበሮ በጌን በላው» ይላል። እውነት ነው ወይስ አይደለም? የሚታወቀው ከኩሱ ነው። ኩሱን ከመንገዱ ላይ ትለቅማላችሁ፣ ቀኑንና ቦታውን ከረጢቱ ላይ ትጽፋላችሁ፣ ውሃ ውስጥ ትዘፈዝፉታላችሁ፣ ከዚያ በወንፊት አጥባችሁ ታደርቁታላችሁ። ወንፊቱ ላይ የሚቀረው ፀጉር፣ የአጥንት ስብርባሪና ጥርስ ነው። ያንን በማይክሮስኮፕ ለይታችሁ የአይጥ ነው ወይስ የበግ ትላላችሁ። ቀይ ቀበሮ በዋናነት የሚኖረው በአይጥ ነው፤ ግን አልፎ አልፎ የበግ ፀጉርም ይገኛል። የበግ ፀጉር ሲገኝስ? ራሱ ገድሎት ነው ወይስ ሞቶ አግኝቶት? እዚህ ላይ መቸኮል አያስፈልግም፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንደሚባለው ነው። ገበሬውን «ውሸትህን ነው» ያለ ባለሙያ ያንን መንደር አጣ ማለት ነው።

ይሄ ሥራ ይሸታል። ጀርባም ያማል። ግን ትዕግሥት ያለው ሰው የሚያገኘው ነገር የሚያስደንቅ ነው። መንዝ ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ቀበሮውን ሲከታተሉት ሣር በሚግጡ ጭላዳ ዝንጀሮዎች መሀል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን አገኙት። ጭላዳዎቹ ግልገል እያላቸው እንኳ ዝም ይሉታል፣ እሱም አይነካቸውም። በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናታቸው መሠረት ከጭላዳ ጋር ሆኖ ካደረገው የአደን ሙከራ 67 በመቶው ሲሳካለት ብቻውን ሲሆን የተሳካለት 25 በመቶው ነው። ይህን ለማወቅ ያስፈለገው ቁጭ ብሎ ማየትና መቁጠር ነው። የጓሳው ሣር ራሱ እስከዛሬ የቆየው ደግሞ የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ለዓመታት እየዘጋ፣ ጊዜው ሲደርስ ደግሞ እየከፈተ ስላስተዳደረው ነው። ከዩኒቨርሲቲ በፊት የነበረ እውቀት ነው። ስለዚህ ሽማግሌ ስታገኙ ጠይቁ፣ ጻፉ።

ስታቲስቲክስ ላይ አታሹፉ። አብዛኛው ተማሪ ማለፊያ ውጤት ብቻ ይዞ ይሾልካል፣ በኋላ «ቀበሮው ቀንሷል» ብሎ ሪፖርት ሲጽፍ «ከምን አንጻር?» ሲባል መልስ የለውም። ጂአይኤስም (በኮምፒውተር ካርታ መሥራትና የቦታ መረጃ መተንተን) ተማሩ፤ ነፃ የሆነው ኪውጂአይኤስ የተባለው ፕሮግራም በእናንተ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። እንግሊዝኛችሁንም አጠንክሩ፣ ብዙው ጥናትና ስኮላርሺፕ በእሱ ነው። የመውጫ ፈተናውን አትፍሩት፣ ግን ለእሱ ብቻ አታጥኑ።

መስክ ለመውጣት ደግሞ ዲፓርትመንቱ መኪና እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ። ለደሴ ልጅ የጦሳ ተራራ አናቱ ላይ ነው። ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠዋት ሄዳችሁ የውሃ ወፎቹን ቁጠሩ፣ በየወሩ በዚያው ቦታ በዚያው ሰዓት ተመለሱ፣ ያገኛችሁትንም ኢበርድ በተባለው የወፍ መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ መዝግቡ። ኮምቦልቻ ያላችሁ የጎፍ ደን አለላችሁ፤ የቦርከና ወንዝም ከደሴ ወርዶ በከተማችሁ ያልፋል፣ ከከተማው በላይና በታች ያለውን የወፍና የእንቁራሪት ልዩነት ማየት ራሱ ጥናት ነው። ማታ ማታ የምትሰሙት ጅብም የዱር እንስሳ ነው። የከተማችንን ቆሻሻ ማን እንደሚያጸዳው አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ስለ ሥራ የሚያስጨንቃችሁን አውቃለሁ። አላባብላችሁም፤ ማስታወቂያው ብዙ አይደለም፣ ደመወዙም አያጠግብም፣ ምድቡ ሩቅ ነው። ፓርኮች፣ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ የክልል ቢሮዎች፣ ጥቂት መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ አስጎብኚነት፤ በሩ ይሄ ነው። ግን አብሽሩ፤ ማስታወቂያ ሲወጣ የሚፈለገው መስክ ላይ ያደረ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ ከተመራቂው መሀል ጥቂት ነው። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ በእረፍት ወቅት፣ መንገዱና ጸጥታው ሲፈቅድ፣ መካነ ሰላም ወርዳችሁ የቦረና ሳይንት ፓርክን ሰዎች አነጋግሩ። ከቢሮው ይልቅ ስካውቶቹን፣ የፓርኩን ጠባቂዎች፣ ጠጋ በሉ። የአካባቢው ልጆች ናቸው፣ የትኛው ጉድጓድ ውስጥ ቡችላ እንዳለ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ወፍራም ጃኬትና የዝናብ ልብስ ያዙ። ደጋው ሌሊት አጥንት ድረስ ይገባል።

ለሴት ልጆቼ ለብቻ የምላችሁ አለ። ቤተሰብ «ሴት ልጅ ጫካ አታድርም» ይላል፤ ጭንቀቱን አልንቀውም። ማደሪያው የት እንደሆነ፣ አብሯችሁ የሚሄደው ማን እንደሆነ ከመውጣታችሁ በፊት አስተማሪያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው። የምንፈልጋችሁ ደግሞ ለወጉ አይደለም። ደጋ ላይ ማገዶና ሣር የሚያመጡት በአብዛኛው እናቶችና ልጃገረዶች ናቸው፣ ለወንድ ባለሙያ የማይነግሩትን ለእናንተ ይነግሯችኋል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስትመርጡ ትልቅ ነገር አታስቡ። «የአማራ ክልል የዱር እንስሳት ብዝኃነት» የሚል ርዕስ በአንድ ሴሚስተር አይሠራም። አንድ ቀበሌ ውስጥ ስንት ውሻ አለ፣ ስንቱ ተከትቧል፣ ስንቱስ ሌሊት ይለቀቃል? ይሄ በእግርና በደብተር ይሠራል፣ ለፓርኩም ይጠቅማል። ስትጨርሱ አንድ ቅጂ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ስጡ። ለቀበሌው ደግሞ በአማርኛ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ሄዳችሁ አንብቡላቸው። ብዙ ተማሪ መጠይቁን አስሞልቶ ይሄድና ድምፁ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ልጅ ያ ገበሬ በሩን የማይከፍተው በዚህ ነው።