ስለ «ታላቅ» ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ «መንግሥተ ሰማያት የሚገባው ትልቅ ሥራ የሠራ ሰው ብቻ ነው ወይ?» ብለሃል። አይደለም። ማቴዎስ 18ን ክፈትና እይ። ደቀ መዛሙርቱ «የሚበልጠው ማነው?» ሲሉት ጌታ አንድ ሕፃን ጠርቶ መካከላቸው አቆመና፣ እንደ ሕፃናት ካልሆናችሁ መብለጡ ቀርቶ መግባቱም የለም አላቸው። ልብ በል፣ እነሱ የጠየቁት ስለ ደረጃ ነው፣ እሱ የመለሰው ስለ በሩ። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው። ሕፃን ሥልጣን የለው፣ ሀብት የለው፣ የሚበላውን እንኳ ከሌላ እጅ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ራስን ዝቅ ማድረግ ሲባል ራስን መጥላት እንዳይመስልህ፣ ያለ እግዚአብሔር መቆም እንደማትችል ማመን ነው። ያዕቆብና ዮሐንስም በቀኙና በግራው መቀመጥ ፈልገው ነበር፤ የተነገራቸው ግን ታላቅ መሆን የሚፈልግ አገልጋይ ይሁን የሚል ነው (ማርቆስ 10)። ጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ አይተህ ታውቅ ይሆናል፤ መነሻው ጌታ ራሱ ዝቅ ብሎ የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት ታሪክ ነው፣ ዮሐንስ 13 ላይ አለልህ።