ላሟ መርፌ ከተወጋች ወተቷ መቼ ይጠጣል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ዳንግላ ነው፤ ወተት የምንገዛው ከጎረቤት ነው። ሰሞኑን የላሟ ጋት አብጦ መርፌ እየተወጋች ነው። እመት ጎረቤቴ «ካፈላሽው ምንም አይልም» ይሉኛል። የ3 ዓመት ልጄ ጠዋትና ማታ ትጠጣለች። እኔ ደግሞ ፔኒሲሊን ተወግቼ ገላዬ ሁሉ በሽፍታ ተሞልቶ ያውቃል። ለበዓል የሚታረድ ታክሞ የዳነ በሬስ እንዴት ነው?

መልስ፦ ጎረቤትዎ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። ማፍላት የብሩሴላንና የነቀርሳን ጀርም ስለሚገድል ፈጽሞ አይተዉት። መድኃኒቱን ግን አያጠፋውም። ፔኒሲሊን ለጥቂት ደቂቃ ቢንተከተክም አብዛኛው እንዳለ ይቀራል፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን (ገበያው «ኦክሲ» የሚለው) በሙቀት ይቀንሳል እንጂ አያልቅም።

ወተቱን የሚያጠራው ቀን መቁጠር ነው። ብልቃጡ ወይም ካርቶኑ ላይ አንዱ ለወተት፣ አንዱ ለሥጋ የሆነ ሁለት የመጠበቂያ ጊዜ ተጽፏል። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም፤ 10 በመቶ የሆነው ኦክሲና 20 በመቶ የሆነው፣ ቀስ እያለ የሚለቀቀው ዓይነት እንኳ ይለያያሉ። ስለዚህ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ሳይሆን ብልቃጡን ራሱን ለማየት ይጠይቁ። ቆጠራው የሚጀምረው ከመጨረሻው መርፌ ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፣ ከመጀመሪያው ይቆጥራል። መጠኑ ከታዘዘው በልጦ ከተሰጠ ወይም ለጡንቻ የታዘዘው በጋቱ ከገባ የተጻፈው ቀን አይበቃም፤ ያከመውን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ግድ ነው።

ገደቡ ምን ያህል ጥብቅ እንደሆነ ቁጥሩ ያሳያል። የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮሚሽን (ኮዴክስ) ለፔኒሲሊን ያስቀመጠው ጣሪያ በ1 ሊትር ወተት 4 ማይክሮግራም፣ በ1 ኪሎ ሥጋ፣ ጉበት ወይም ኩላሊት 50 ማይክሮግራም ነው፤ ማይክሮግራም የሚሊግራም ሺህኛ ነው። መነሻው አለርጂ ነው፦ ከ40 ማይክሮግራም ባነሰ መጠን የታመሙ ሰዎች ስለተመዘገቡ፣ አንድ ሰው በቀን ከምግብ የሚያገኘው ከ30 እንዳይበልጥ ተባለ። ከዚያ በቀን 1.5 ሊትር ወተት፣ 300 ግራም ሥጋ፣ 100 ግራም ጉበትና 50 ግራም ኩላሊት የሚበላ ሰው ተወስዶ ተሰላ፤ 6፣ 15፣ 5 እና 2.5 ሲደመር 28.5 ይመጣል። (እዚህ በየቀኑ እንዲህ የሚበላ የለም፤ ሒሳቡ ሆን ተብሎ ወደ ጥንቃቄ ያደላ ነው።)

«ከሌላዋ ላም ወተት ጋር ሲቀላቀል ይሳሳል» የሚሉም አሉ። 1 ሚሊግራም ፔኒሲሊን ብቻውን 250 ሊትር ወተትን ጣሪያው ላይ ያደርሳል፤ ማቀላቀል ደኅናውንም ማበላሸት ነው። መድኃኒቱ የገባው በአንዱ ጡት ብቻ ቢሆንም በደም ዞሮ ወደ ሌሎቹ ስለሚደርስ የአራቱም ወተት ይደፋል። ለጥጃም አይሰጥ፤ በአንጀቱ ውስጥ መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ያፈራል።

እርጎ አልረጋ ማለቱ አንድ ምልክት ነው፣ መድኃኒቱ የሚያረጋውን ባክቴሪያ ያግዳልና። ሆኖም በወይራ አብዝቶ የታጠነ ዕቃም መርጋቱን ስለሚያዘገይ በዚህ ብቻ አይፍረዱ፤ ረጋ ማለትም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ፔኒሲሊን በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ወተቱ ሲናጥ ከቅቤው ይልቅ በአሬራው ይበዛል።

የልጅዎን ነገር በተመለከተ፣ ኦክሲ የሚመደብበት የቴትራሳይክሊን ወገን መድኃኒት በመታከሚያ መጠን የሕፃናትን ጥርስ ያበላሻል፤ ኦክሲ በወተት ውስጥ ያለው ጣሪያ ግን በሊትር 100 ማይክሮግራም ነው። 250 ሚሊግራም ካለው አንድ የቴትራሳይክሊን እንክብል 2,500 ጊዜ ያንሳል፤ ቀኑ ተጠብቆ የታለበ ወተት ጥርሷን ያበላሽብኛል ብለው አይስጉ። ሕክምናው እስኪያልቅና ቀኑ እስኪሞላ ግን ከሌላ ቤት ይግዙላት።

ለበሬው የሥጋው ቀን ከወተቱ እጅግ ይረዝማል፤ 28 ቀን የተጻፈባቸው የ20 በመቶ ኦክሲ ብልቃጦች አሉ። የበዓል ገበያ ሲደርስ ታሞ የተወጋን ሰንጋ ቶሎ መሸጥ የሚያጓጓውም ለዚህ ነው። ቀኑ ያልሞላ በሬ መታረድ የለበትም። መርፌው ያረፈበት ሥጋ ከሌላው ብዙ እጥፍ መድኃኒት ይይዛል፤ ኩላሊትና ጉበትም ያጠራቅማሉ። ኮዴክስ ለኦክሲ በሥጋ 200፣ በጉበት 600፣ በኩላሊት 1,200 ማይክሮግራም በኪሎ የፈቀደው ይህን አይቶ ነው። ክሎራምፌኒኮል የሚባለው አንቲባዮቲክ ለሚታረድም ለሚታለብም እንስሳ ጭራሽ አይሰጥም፤ መቅኔን ሊያደርቅ ስለሚችል ደኅና የሚባል መጠን አልተገኘለትም።

ለእርስዎ ግን ምክሬ ጠበቅ ያለ ነው፤ ጣሪያው አለርጂ ላለበት ሰው ሁሉ ዋስትና አይሆንም። ፔኒሲሊን ወይም ፔንስትሬፕ (ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን የተቀላቀሉበት መርፌ) የተወጋች ላም ወተት፣ አሬራና አይብ ቀኑ ሞልቶ እስኪያልፍ አይቅመሱ። ወተት ጠጥተው ገላዎ ቢያሳክክዎና ቢሸፍብዎ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከንፈርዎ ወይም ምላስዎ ካበጠ፣ ትንፋሽዎ ካጠረ ወይም ራስዎን ካዞረዎ ሳይውሉ ሳያድሩ፣ በዚያው ሰዓት፣ ሰው አስከትለው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ለሐኪሙም ላሟ የተወጋችውን መድኃኒት ስም ይንገሩት።