ምን ልትሠራ መጣህ?

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ከሄደች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ባለፈው እሑድ ማታ ደወለችልኝና ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ፣ «ጋሼ፣ እማዬ በቀን ስድስት ጊዜ እየደወለች አስቸገረችኝ። ዶርም ውስጥ መሳቂያ ሆኛለሁ። በሳምንት ስንቴ ብንደዋወል ይበቃል? አንተ ንገራት፣ አንተን ትሰማለች» አለችኝ።

ሳቅኩና «እሺ እነግራታለሁ» ብዬ ዘጋሁ። ከዚያ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቼ ሳሎን ተቀመጥኩ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው። ለሷ ብዬ ጀመርኩት እንጂ ዘንድሮ ከቤት ለወጣችሁ ሁሉ ይሁን።

እኔ የእርሻ ባለሙያ ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ እወጣለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በስንዴና በበቆሎ ዘር ነው። ስለ አጠናን፣ ስለ ጓደኛ ምርጫ፣ ስለ ጫትና ሺሻ ምክር የምትጠብቁ ከሆነ እዚህ የለም። እሱን በየግቢው ግድግዳ ለጥፈውላችኋል፤ ባይለጥፉትም ታውቁታላችሁ።

የማትሪክ ውጤቴ መጥቶ አለማያ እርሻ ኮሌጅ የደረሰኝ 1977 ነው። ቤታችን ጎጃም፣ ከደምበጫ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ይርቃል። ከኛ ቀበሌ ኮሌጅ የገባ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ስሄድ እንደ ሙሽራ ነው የሸኙኝ። እናቴ በሶውን እስከ መኪናው ድረስ ራሷ ካልያዝኩ ብላ ተሸከመችው። አባቴ ምንም አላለም። የቲኬቱን ብር ሦስት ጊዜ ቆጥሮ ሰጠኝ፤ በቃ።

ያኔ አለማያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለ ኮሌጅ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ራሱን ችሎ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። «ሐረማያ» የሚለው ስም የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እኔ አሁንም አፌን ያዳልጠኛል። ሐይቁ ሙሉ ነበር። የሐረር ከተማ የሚጠጣው ከዚያ ነው። ከሰዓት በኋላ ዳር ዳሩን እየዞርን የኬሚስትሪ ቀመር እንሸመድድ ነበር። በ1990ዎቹ ለስብሰባ ሄጄ ሳየው ደርቆ ከብት ይግጥበታል። ሆቴል ገብቼ እራት ሳልበላ ተኛሁ። አሁን ውሃው ተመልሷል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሄጄ ባየው ደስ ይለኛል። ከነገሬ ወጣሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ወደ ቤት የጻፍኩት አንድ ደብዳቤ ነው። አንድ። እሱም የጉራ ደብዳቤ ነበር። ስለ ላቦራቶሪው፣ ስለ ምግብ ቤቱ፣ ስለ ስጋ ወጡ ጻፍኩና መጨረሻ ላይ «ጥር ላይ ስንዘጋ ከድሬዳዋ በባቡር ተሳፍሬ እመጣለሁ» አልኩ። ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም። የድሬዳዋ ልጆች ሲያወሩ ሰምቼ ነው። አባቴ ደብዳቤውን ለአስተማሪ አስነብቦ፣ ባቡር የምትለዋን መስመር ሁለቴ አስደግሞ ሰማት አሉ።

ጥር ገባ። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ኩርባ ያለው ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጣ። ኩርባው ላይ ፍጥነት አልቀነሰም ነው የተባለው። ፉርጎዎቹ ገደል ገቡ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። ግቢያችን ውስጥ ለቅሶ ተሰማ፤ ሰው ያለቀባቸው ልጆች ነበሩ።

አልጋ ጎረቤቴ የወላይታ ልጅ ነበር። በማግስቱ ሐረር ሄዶ ቴሌግራም መታ። የእናንተን ቴሌግራም አይደለም የምለው፤ ቃል በቃል ተቆጥሮ ይከፈልበት የነበረውን ነው። የሱ «ደህና ነኝ» ብቻ ነበር፣ ሁለት ቃል። ከመሄዱ በፊት «ና አብረን እንሂድ፣ ቤትህ ያስባሉ» ብሎኝ ነበር። ምን አልኩት? «እኔ ባቡሩ ውስጥ የለሁ፤ ምን ብዬ ነው የምመታው?» አልኩት። ሳስበው ልክ ነበርኩ። ባቡሩ ውስጥ አልነበርኩማ! ያቺ ደብዳቤ ግን ትዝ አላለችኝም።

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን ምሳ በልተን ስንወጣ፣ አንዱ ልጅ የሒሳብ አስተማሪያችንን አነጋገር እያስመሰለ ሆዳችንን ይዘን እየሳቅን፣ ከዘበኛው አጠገብ ጋቢ የለበሰ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። አልፌው ልሄድ ነበር። ተነሳ። አባቴ ነው።

አላቀፈኝም። ቀረበና ትከሻዬን ያዘ፣ ከዚያ ክንዴን፣ ከዚያ እጄን ገልብጦ አየ። ገበያ ላይ በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው እንደሚዳብሰው አድርጎ ዳበሰኝ። ጓደኞቼ እያዩ ነው። አፈርኩ። በጋቢው አይደለም ያፈርኩት፤ ግማሾቹም አባታቸው ጋቢ ለባሽ ነው። በዳበሳው ነው። ያን ጊዜ ከአፌ የወጣው ቃል፣

«አባዬ፣ ምን ልትሠራ መጣህ?»

ትንሽ ዝም አለና «በዚህ በኩል ጉዳይ ነበረኝ» አለኝ።

የደምበጫ ገበሬ፣ 850 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ አለማያ ላይ ምን ጉዳይ ይኖረዋል? እኔ ግን አመንኩት። ማመኑ ይቀላላ። በማግስቱ ፈተና ነበረኝ። አልጋዬን ለቅቄለት ላይብረሪ አመሸሁ። ስመለስ አልተኛም፣ ቁጭ ብሎ ነው ያገኘሁት። «መብራቱ አላስተኛህ አለ?» አልኩት። «አይ፣ አንተን እየጠበቅኩ ነው» አለ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፈተናው ስለሚጀምር መንገድ ድረስ እንኳ አልሸኘሁትም፤ ዘበኛውን አደራ አልኩ። አንድ ከረጢት በሶና 30 ብር ጥሎልኝ ሄደ። ፈተናው ላይ ጥሩ ነጥብ አመጣሁ። የፈተናው ጥያቄ ምን እንደነበር ዛሬ አንዱም ትዝ አይለኝም።

አባቴ ያረፈው በ1994 ነው። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አውርተን አናውቅም።

የቀረውን የሰማሁት ዘንድሮ ነው፤ 41 ዓመት ቆይቶ። ልጅቷ ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት እህቴ ቤት ሻንጣ እናሰናዳ ነበር። ሻንጣ ማለቴ ቤት ሙሉ ዕቃ ነው። የናንተ ዘመን ልጅ ለአንድ ወንበዴ ጦር የሚበቃ ዕቃ ይዞ ነው ዶርም የሚገባው፤ የፀጉር ማድረቂያ፣ የግድግዳ መብራት፣ ሁለት ዓይነት ትራስ። «እኔ በአንድ ካርቶን ነው የሄድኩት» ብዬ ላሾፍ ስጀምር እህቴ አንሶላ እያጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ «አንተ የሄድክ ዓመት እኛ ቤት ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለችኝ።

አላውቅም። ጠይቄም አላውቅ።

እህቴ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እኔ ስሄድ ከብቶቹ ለሷ ተሰጡ። በዚያ ዓመት አንደኛ ክፍል ልትገባ ደብተር ተገዝቶላት ነበር፤ ከብት የሚጠብቅ ሰው ስለጠፋ ቀረ። በመጨረሻ የገባችው በ11 ዓመቷ ነው። ደብተሩ ጣሪያው ሥር ተሰክቶ ጭስ ሲበላው ከረመ። እናቴ ለአንድ ወር ያህል የኔን ድርሻ እንጀራ መጋገር አላቆመችም አለች። ሲተርፍ ታየዋለች፣ ለውሻ ትሰጠዋለች፣ በማግስቱ እንደገና ትጋግራለች። የተኛሁበትን መደብ አባቴ ለማንም አልፈቀደም። እንግዳ ሲመጣ መሬት ላይ ይነጠፍለታል እንጂ መደቡ ላይ አይወጣም።

የባቡሩ ወሬ የመጣው ሬዲዮ ካለው ጎረቤት ነው። እናቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሰው መሰብሰብ ጀመረ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ «እኔ ደርሼ ሳልመጣ በዚህ ቤት ማንም አያለቅስም» አለ። ወይፈኑን ሸጦ ወጣ። አዲስ አበባ ሲደርስ ለገሀር ሄዶ ስሜን ጠይቋል። ምን እንዳሉት አልተናገረም። ጥምቀትን የዋለው መንገድ ላይ ነው። እናቴ በዚያ ጥምቀት ታቦት ሲወርድ ከቤት አልወጣችም።

ሲመለስ እናቴ ደጅ ቆማ ጠበቀችው። አባቴ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና «ወፍሯል» አለ። እናቴ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

እህቴ ይህን ስትነግረኝ ልጅቷ ጆሮዋ ላይ ያንን ነገር ሰክታ ስልኳን ታያለች። አልሰማችም። ብትሰማ ኖሮ ያን ጥያቄ አትጠይቀኝም ነበር መሰለኝ። ወይም ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔ በሷ ዕድሜ ብሰማው ምን እንደማደርግ እንጃ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። አባቴ ወደኔ ሲመጣ ቁልቢን ሲያልፍ ከአውቶቡሱ ሆኖ ተስሏል፤ ልጄን በሕይወት ካገኘሁት ጃንጥላ አስገባለሁ ብሎ። ስለቱን ሊያስገባ በታኅሣሥ 1978 ተመልሶ መጥቷል። ከጎጃም ቁልቢ ድረስ! ቁልቢ ከኛ ግቢ በመኪና የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። እኔ ዘንድ ግን አልመጣም። እህቴ «ለምን ሳታየው?» ስትለው «ሥራ አስፈታዋለሁ» ነው ያላት። በዚያ ታኅሣሥ 19 የዶርም ልጆች በሙሉ ቁልቢ ሄደው ነበር። እኔ ብርድ ነው ብዬ ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተኛሁ።

እናንተን ከኛ ይሻላሉ ወይ ይብሳሉ አልልም። ማትሪክ ያለፍነው እኛ ብቻ አይደለንም። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ ዛሬ ግቢ የገባ ልጅ ቀላል መንገድ አልመጣም። አንድ ነገር ግን ያበሳጨኛል። ዶርማችሁን፣ ምሳችሁን፣ የለበሳችሁትን ጫማ ሳይቀር ቲክቶክ ላይ ሺህ ሰው ያየዋል፤ እናታችሁ ግን አረንጓዴዋን ነጥብ እያየች «ኦንላይን ነው፣ ደህና ነው ማለት ነው» ብላ ትተኛለች። በኛ ጊዜ ቢያንስ ፖስታ ቤት ሩቅ ነው ብለን እናመካኝ ነበር።

እንዲህ ስል የራሴ ልጅ ሐዋሳ ሲማር ሚስቴ ስትደውልለት «ተይው፣ ወንድ ልጅ ነው፣ ይልመድ» እያልኩ የምቆጣው እኔ ነበርኩ። ዛሬም በቀን ሁለቴ የሚደውልልኝ ልጅ ሥራ የፈታ ይመስለኛል። ስለዚህ እኔን ብዙም አትስሙኝ።

ይህችን ግን ስሙኝ። በአንድ መንገድ እንደምትመጡ ተናግራችሁ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ፣ መቀየራችሁን ተናገሩ። በናንተ አቅጣጫ ክፉ ወሬ ከተሰማ፣ መኪና ተገለበጠ፣ ግቢ ተረበሸ ከተባለ፣ «እኔ የለሁበት» ብላችሁ አትተዉት፤ ቤት ያሉት መኖር አለመኖራችሁን በምን ያውቃሉ? ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ሲመለስ መጀመሪያ ወደ ቤት። ስትደውሉ ደግሞ ስለ ራሳችሁ ብቻ አታውሩ። ከብቶቹን ማን ያዘ ብላችሁ ጠይቁ። ከብት ከሌላችሁ ውሃ ማን ያስቀዳል፣ ታናሼን ትምህርት ቤት ማን ያደርሰዋል፣ የኔ አልጋ ላይ ማን ይተኛል በሉ። ሳይነግራችሁ አንድ ቀን ግቢው በር ላይ ቆሞ የምታገኙት ሰው ካለም፣ ሌላ የፈለጋችሁትን በሉት።

ለእህቴ እስካሁን አልደወልኩላትም። አትደውዪላት ልላት አልችልም፤ ለምን ስድስት ጊዜ እንደምትደውል አሁን አውቄዋለሁ። ለልጅቷም ቁጥሩን አልነገርኳትም። ስድስትም አይበዛም ብላት «እማዬ ናት የላከችህ» ትለኛለች።