ነሐሴ 9 ምን በዓል አለ?

ጥያቄ፦ ጎንደር የምማር የሦስተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ (ጉግል እየከፈለ ጀማሪዎች ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ከሚሠሩ ድርጅቶች ጋር እንዲሠሩ የሚያደርግበት ፕሮግራም) ለማመልከት አምና ያለፈ ተማሪ ኢንተርኔት ላይ ያወጣውን ፕሮፖዛል ወስጄ ስሙንና ቀኖቹን ቀየርኩ። እንግሊዝኛ ስለሚያስቸግረኝ ነው። ገና አላስገባሁትም፤ ግልባጩን ልኬልዎታለሁ። ይህ እንደ ስርቆት ይቆጠርብኛል?

መልስ፦ አዎ፣ ይቆጠርብሻል። ለመሆኑ ነሐሴ 9 ምን በዓል አለ? የሥራ መርሐ ግብሩ ላይ «ኦገስት 15 የነጻነት ቀን ስለሆነ አልሠራም» ይላል፤ በእኛ ነሐሴ 9 መሆኑ ነው። በዚያ ሰሞን ጎንደር ፍልሰታን ትጾማለች እንጂ የምታከብረው የነጻነት ቀን የላትም፤ በዓሉ የሕንድ ነው። ቀኖቹን ስትለዋውጪ ይቺ አምልጣሻለች። እኔ ሳነበው ሳቅሁ፤ ሜንተሮቹ (ፕሮፖዛሉን የሚገመግሙትና ሥራውን የሚመሩት የድርጅቱ ሰዎች) ግን ያንኑ ፕሮፖዛል አምና ራሳቸው አንብበው ያሳለፉት ሊሆኑ ይችላሉ። የተቀዳ መሆኑ ከታወቀ ውድቅ ነው።

እንግሊዝኛሽ ያን ያህል አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ከዳር እስከ ዳር ሳነበው ስለ ሶፍትዌሩ አንቺ ራስሽ ያየሽው አንድም ነገር አለማግኘቴ ነው። ስለዚህ ፕሮፖዛሉን ዝጊውና ከኮዱ ጀምሪ። በጊት (ኮድ ማውረጃና ለውጦቹን መከታተያ ፕሮግራም) አንዴ ካወረድሽው ላፕቶፕሽ ላይ ይቀመጣል፤ መስመር ቢቋረጥም ታነቢዋለሽ። ለጀማሪዎች ተብሎ ምልክት ከተደረገባቸው ስህተቶች ትንሿን መርጠሽ አርሚ። የትኛው ፋይል እንዳስቸገረሽ፣ ሜንተሩ ምን ብሎ እንደመለሰልሽ ማስታወሻ ያዢ። ከዚያ ሁሉንም ለጓደኛሽ በአማርኛ እያስረዳሽ በስልክሽ ቅጂው። ያንን በአጫጭር የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሮች ስትጽፊው ፕሮፖዛል ይወጣዋል።

ያለፉ ፕሮፖዛሎችን ማንበብ ነውር የለውም። የቅኔ ተማሪም የመምህሩን ቅኔ እየሰማ ይማራል፤ የሚቀኘው ግን የራሱን ነው። («ቅኔ ዘረፈ» መባሉ እንዳያሳስትሽ!) ድርጅቱ ያወጣውን የፕሮጀክት መግለጫም መልሰሽ አትላኪለት፤ የጻፈው እሱ ነው።

ኮድም እንደዚሁ ነው። በኤምአይቲ ፈቃድ (ማንም እንዲጠቀምበት በሚፈቅድ የኮድ ፈቃድ) የወጣ ኮድ መውሰድ ትችያለሽ፤ የባለመብቱን ማስታወቂያና የፈቃዱን ጽሑፍ ግን ከቦታው አታንሺ። ሌላ ሰው ጀምሮ የተወውን ሥራ ከቀጠልሽ ስሙን ጥቀሺ። ስለ ቻትጂፒቲ የየድርጅቱ ደንብ ይለያያል፤ የምታመለክቺበትን አንብቢ፣ ሰዋስው ካሳረምሽበትም ሳትደብቂ ተናገሪ።

እስከ ሦስት ፕሮፖዛል ማስገባት ይፈቀዳል፤ በእኔ ግምት አንድ ይበቃሻል። ዘንድሮ ካልደረሰልሽም፣ ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተማሪ መሆን ግዴታ ስላልሆነ ከተመረቅሽ በኋላም ማመልከት ትችያለሽ። አዲሱን መርሐ ግብር ስትሠሪ የራስሽን የፈተና ሳምንት አስገቢበት፤ መብራት ለሚጠፋባቸው ቀናትም ትርፍ ጊዜ ያዢ።