የዋሸው አረፋው ነው

እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎ በፈተና «ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ሲበዛ የሚወጣው ጋዝ ይበዛል» ብሎ መልሶ ስህተት ተባለ። ቤት ውስጥ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲሞክረው ግን ካታሊስት የበዛበት ብርጭቆ አረፋው ሞልቶ ሲፈስ፣ የሌላው ከግማሽ አለማለፉን እርስዎም በዓይንዎ አይተዋል። ፈታኙ ትክክል ነው፤ ልጅዎም ያየውን ነው የጻፈው። የዋሸው አረፋው ነው።

እኔም በዚሁ አረፋ ተታልያለሁ። ሐዋሳ ውስጥ ኬሚስትሪ ማስተማር በጀመርኩ ሰሞን የምንሞክርበት ዕቃ ስላልነበረን፣ ከአባ ኮዳዎቹ፣ ከእነዚያ ትልልቅ ወፎች ጋር ተሻምቼ፣ ከሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል የዓሣ ጉበት አመጣሁ። ጉበት ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ተፈጥሯዊ ካታሊስት፣ አለ፤ ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይበትነዋል። ብዙ ጉበት የገባበት ገነፈለ፣ ትንሽ የገባበት ዝቅ ብሎ ቀረ። ከፍታውን በማስመሪያ አስለክቼ በኩራት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንዲት ተማሪ «መምህር፣ የዚህኛው አረፋ እኮ እየፈረሰ ነው» አለችኝ። እውነትም ጋዙ ቀስ እያለ ሲወጣ አዲሱ አረፋ ሳይደርስ የቀደመው ይፈነዳል። እኛ የለካነው የጋዙን ብዛት ሳይሆን በምን ያህል ፍጥነት እንደወጣ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ጋዙን በጎማ ቱቦ፣ ውሃ ሞልቶ በተደፋ የመለኪያ ሲሊንደር ውስጥ አጠራቀምነው። የጉበቱ አረፋ ቱቦውን ስለደፈነብን ጉበቱን ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ በሚባል ጥቁር ዱቄት ተካነው፤ እሱም ካታሊስት ነው። ከፋርማሲ የተገዛ ባለ 3 በመቶ ፐርኦክሳይድ 10 ሚሊ ሊትር ወሰድን። ይህ በባሕር ጠለል፣ በ0 ዲግሪ፣ ወደ 100 ሚሊ ሊትር ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሐዋሳ ግን 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ያንሳል፣ ሙቀቱም አለ፣ ስለዚህ ስሌቱ ወደ 130 ይጠጋል። ዱቄቱ ጥቂትም ሆነ ብዙ፣ ጋዙ መውጣቱን ሲያቆም ውሃው የቆመው እዚያው አካባቢ ነበር። አንደኛው ቶሎ ደረሰ፣ ሁለተኛው አስጠበቀን። ዱቄቱን አጥልለን አድርቀን ስንመዝነውም ያው ነው፤ ካታሊስት አጭር መንገድ ያሳያል እንጂ ራሱ አይበላም።

የጥንካሬው ነገር፣ መጽሐፉ ኮንሰንትሬሽን የሚለው፣ ተማሪዎችን ይበልጥ ያምታታል። 10 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶ እና 10 ሚሊ ሊትር ባለ 6 በመቶ ቢያወዳድሩ ሁለተኛው ይፈጥናል፣ ጋዙም እጥፍ ይሆናል። ግን እጥፍ የሆነው ፐርኦክሳይዱ ራሱ እጥፍ ስለገባ ነው። ለመለየት፣ በአንዱ ብርጭቆ 10 ሚሊ ሊትር ባለ 3 በመቶውን እንዳለ ይተዉት፤ በሌላው እዚያው 10 ሚሊ ሊትር ላይ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ይጨምሩበት፤ ለሁለቱም እኩል ዱቄት ይስጡ። የቀጠነው ይዘገያል፣ ምክንያቱም ሞለኪውሎቹ ተራርቀው ዱቄቱን የሚያገኙት አልፎ አልፎ ነው። በመጨረሻ ግን ጋዙ እኩል ነው። በእኔ ግምት ከዚህ ሙከራ የተሻለ የለም፤ ስለ ሞለኪውሎች ግጭት ንድፈ ሐሳብ ሦስት ክፍለ ጊዜ ካወራሁት ይልቅ ተማሪዎቼ የያዙት ይህንን ነው።

የልጅዎ አስጠኚ «ካታሊስት ምርት ይጨምራል» ማለቱንም ጽፈውልኛል፤ ምናልባት ፋብሪካ አስቦ ይሆናል። ለማዳበሪያ የሚሆነው አሞንያ በብረት ካታሊስት ሲሠራ በቀን የሚወጣው ይበዛል፤ ለውጡ ሚዛኑ ላይ ሲደርስ፣ ማለትም የሚሠራውና ተመልሶ የሚፈርሰው አሞንያ ሲተካከል፣ የሚገኘው መጠን ግን አይለወጥም።

ቤት ውስጥ ለመሞከር ጥሬ ጉበት ወይም የተላጠ ድንች ይበቃል። የተቀቀለ አይሠራም፣ ሙቀት ኢንዛይሙን ያበላሸዋል። የባትሪ ድንጋይ ከፍቶ ጥቁሩን ዱቄት ማውጣት ያማረው እንደሆነ ግን አይፍቀዱለት፤ በተለይ አልካላይን የሚል የተጻፈበት ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ፈሳሽ አለው።